ከጅራፍ እስከ ጥንግ፦ የአለጋግ ትምህርት በጎንደርና በሰሜን ደጋ

በሰሜን ጎንደር ደጋ ልጅ ከብት መከተል ሲጀምር መጀመሪያ የሚጨብጠው ዕቃ ዱላ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጅራፍ ይገምዳል። እህሉ ሲያሸት ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። አዝመራው ሲነሣ በታጨደው ማሳ ላይ ገና ይጫወታል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ታላላቆቹ በፈረስ ሆነው ዘንግ ሲወራወሩ ቆሞ ያያል፤ ነገ የእሱ ተራ ነውና። ዓመቱን ተከትለው የሚመጡት እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራሉ፦ ከእግር የተነሣ ኃይል በዳሌ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ እጅ ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚደርስ። ዛሬ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በኩባ የቤዝቦልና የሶፍትቦል አሠልጣኞች የሚጠቀሙባቸው የልምምድ መርጃዎችም የተሠሩት ይህንኑ ለማስተማር ነው። ይህ ቅኝት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። የደጋውን አስቀድማለሁ፤ በዕድሜ ይቀድማል፣ ከእኛ እጅ እያመለጠ ያለውም እሱ ነው።

ከነሐሴ እንጀምር። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ፣ የጅራፍ ቀን ነው። በዓሉ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው፤ የጅራፉ ጩኸትም በዚያ ዕለት ከሰማይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። በደባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በወገራ ያሉ እረኞች በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቃጫ ወይም ልጥ ፈልገው ጅራፋቸውን ያዘጋጃሉ። አገማመዱ ጥበብ ይጠይቃል። በመያዣው በኩል የወፈረው ገመድ ወደ ጫፉ እየሳሳ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከቀጠነ ወይም ቋጠሮ ከበዛበት፣ ክንድ እስኪዝል ቢወነጭፉት አይጮህም። ልጁ ፈትቶ ደግሞ ይገምደዋል።

ጅራፍ የሚጮህበት ምክንያት በሳይንስ ከታወቀ ቆይቷል። ገመዱ ሲወነጨፍ ኃይሉ ከወፍራሙ ክፍል ወደ ቀጭኑ ይተላለፋል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ክብደቱ እየቀነሰ በሄደ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ከሚጓዘው ድምፅ ይቀድማል። ጆሮ የሚሰማው ጩኸት የጦር ጀት ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ከሚያሰማው ፍንዳታ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው። የደጋው እረኛ በገዛ እጁ በገመደው ቃጫ ከድምፅ የቀደመው አውሮፕላን ከመሠራቱ ብዙ ዘመን በፊት ነበር።

ነገር ግን ገመዱ ብቻውን አይጮህም። ጀማሪ ልጅ በክንዱ ጉልበት ብቻ ሊያስጮኸው ይሞክራል፤ ገመዱ ዞሮ ጀርባውን ይገርፈዋል። ከታላቁ አይቶ እግሩን ሲከፍት፣ ዳሌውን አስቀድሞ ሲያዞር፣ ትከሻው ሲከተል፣ የእጁ አንጓ በመጨረሻ ሲሰበር ያን ጊዜ ጫፉ ይጮሃል። የሰው አካልም የሚሠራው በጅራፉ ሕግ ነው። ከባዱና ቀርፋፋው ዳሌ ይቀድማል፤ ቀላሉና ፈጣኑ እጅ ይከተላል። እያንዳንዱ ክፍል ኃይሉን ለሚቀጥለው አቀብሎ ራሱ ይቆማል። የቤዝቦል አሠልጣኞች ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው የሚነግሩት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። ለቤዝቦልና ለሶፍትቦል መቺዎች ከሚሸጡት ዘመናዊ መለማመጃዎች አንዱ እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ ነው። መቺው እጁን ከዳሌው ካስቀደመ ገመዱ ይላላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መንገዱን ይስታል። ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ ግን ገመዱ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ይዞራል። ስሙንና መጠቅለያውን ብናነሣለት የቡሄ ጅራፍ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም ያለ መምህር ያርማሉ፤ ስህተቱን በዚያው ቅጽበት ለልጁ ራሱ ይነግሩታል። መልካም የልምምድ መርጃ ከመጥፎው የሚለየውም፣ እንደማምነው፣ በዚህ ነው፦ መልሱ ፈጣንና እውነተኛ መሆኑ ላይ።

የጃፓኑን ሳዳሃሩ ኦን ታሪክ እዚህ ማንሣት ግድ ይላል። ኦ በዮሚዩሪ ጃያንትስ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1980 ተጫውቶ 868 ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ የሚጥል ምት፣ የመታ ሰው ነው፤ በየትኛውም አገር ከፍተኛ ሊግ ከዚህ በላይ የመታ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ምቱ ይዘገይ ነበር። አሠልጣኙ ሂሮሺ አራካዋ ያዘዙለት መድኃኒት የሳሙራይ ሰይፍ ሆነ። ከጣሪያ ላይ ቁራጭ ወረቀት ያንጠለጥላሉ፤ ኦ በሰይፉ ወረቀቱን ለሁለት መክፈል አለበት። ጉልበት ያበዛ እንደሆነ ወረቀቱ በነፋሱ ይሸሻል፤ የሰይፉ ስለት ትንሽ ከዘመመ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። የሚቆረጠው የሰይፉ መንገድ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦ ቀኝ እግሩን አንሥቶ በአንድ እግር ቆሞ የሚጠብቅበትን አቋም ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የጃፓን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጃፓኖች ከባሕር ማዶ የመጣን ጨዋታ በአያቶቻቸው ሰይፍ መማራቸውን ልብ ይሏል። የራሳቸውን ዕቃ ከሙዚየም አውጥተው ለአዲስ ሥራ አዋሉት።

መስከረም ከጠባ በኋላ በደጋው የወንጭፍ ወራት ይመጣል። ገብሱ ሲያሸት ከሰሜን ተራሮች ገደል ሥር ጭላዳ በመንጋ ይወጣና ማሳ ይገባል። በቆላው በኩል ማሽላውን ወፍ ያጠፋዋል። ሕፃናቱ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወይም አለት ላይ ቆመው፣ ጠዋት ማታ ይጠብቃሉ። ወንጭፉ ሁለት ጠፍርና መካከሉ ላይ የድንጋይ ማቀፊያ ነው። አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው ይጨበጣል፤ ዞሮ ዞሮ በትክክለኛዋ ቅጽበት ይለቀቃል። ቅጽበቷ ትንሽ ከቀደመች ድንጋዩ ወደ አንዱ ጎን ይሄዳል፤ ከዘገየች ወደ ሌላው። ጅራፍ የአካልን ቅደም ተከተል ካስተማረ ወንጭፍ ጊዜን ያስተምራል። ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ወንድ ብቻ አለመሆኑንም እዚሁ ላስምርበት፤ በደጋው ሴቶች ልጆችም ማሳ ይጠብቃሉ፣ ወንጭፍም ያውቃሉ።

ለቤዝቦል መቺ ጊዜ ሁሉ ነገር ነው። ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ዱላውን ማዞር ራሱ 0.15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ኳሱን አይቶ ለመወሰን የቀረው ጊዜ ከሰከንድ ሩብ አይበልጥም። በሴቶች ሶፍትቦል ኳሱ ይተልቃል፣ አወራወሩም ከታች ወደ ላይ ነው፤ ርቀቱ ግን 13.11 ሜትር ብቻ ስለሆነ መቺዋ የምታገኘው ጊዜ ከወንዱ ብዙም አይርቅም። ይህን ጊዜ ለማሠልጠን ሰዎች ያልሞከሩት የለም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ1897 በባሩድ የሚሠራ ኳስ ወርዋሪ መድፍ ሠርቷል፤ ተማሪዎቹ ፍንዳታውን እየፈሩ አስቸገሩት። በ1952 ደግሞ የካንሳስ ሰው ፖል ጆቫኞሊ በብረት ክንድ የሚወረውር መሣሪያ አወጣ፤ ዓይነቱ በልምምድ ሜዳዎች ሁሉ ተስፋፋ።

ከእነዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድሆች ልጆች ብልሃት ነው። ትልቅ የውኃ ጀሪካን ክዳን ኳስ ይሆናል፣ የመጥረጊያ እንጨት ዱላ ይሆናል። ጨዋታውን ቪቲያ ይሉታል። ክዳኑ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ይጠመዘዛል፣ በድንገት ይወርዳል፤ ቀጭኑ እንጨት ደግሞ የሚምረው ስህተት የለም። ያችን አገር ከሕዝቧ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን የከዋክብት ምንጭ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ የመንደር ትምህርት ቤት መሆኑን አሠልጣኞች ይመሰክራሉ። እዚያ ክዳን፣ እዚህ የወንጭፍ ድንጋይ፤ ልጆቹ ቢገናኙ በምልክት ይግባባሉ።

አሁን የነገሩ እምብርት ላይ ደረስን፤ ገና። በታኅሣሥ አዝመራው ይሰበሰባል፤ ገበሬው የዓመት ልፋቱን አውድማ ላይ ያያል፤ ሜዳው ይከፈታል። ትውፊቱ የቤተልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ጥንግ ተጫወቱ ይላል። ለዚህ ነው በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ጫፉ የቆለመመው ዱላም በአንድ ስም የሚጠሩት። ኳሱ ከእንጨት ሲጠረብ ሩር፣ ከጠፍርና ከቆዳ ሲሠራ ጥንግ ይባላል። ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ይመረጣል። ብልህ ልጅ ተፈጥሮ ያጠፈችውን ቅርንጫፍ ገና ክረምት ላይ አይቶ ምልክት ያደርግበታል፤ ቆርጦ ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በእሳት አሽቶ ያደርቀዋል። ክብደቱንና ርዝመቱን የሚለካው በገዛ ቁመቱና በገዛ ክንዱ ነው።

በቆልማማ ዱላ ኳስ መለጋት በዓለም ላይ ጥንታዊ ነገር ነው። በግብፅ ቤኒ ሐሰን ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት በተሣለ የመቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላቸውን አጋጥመው ቆመዋል። በእኛ አገር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጨዋታውን አይተው ጽፈዋል፤ እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራይ ያየውን ከአገሩ ሆኪ ጋር አመሳስሎታል። መንደር ከመንደር፣ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይጋጠማል። የሰው ቁጥር አይወሰንም፣ የሜዳው ዳር ድንበር በስምምነት ነው። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካ፣ በግጥም ቢሸነቁጥ ጌታ አይቆጣም። ለክብር በተጠነቀቀ፣ ማዕረግ በነገሠበት አገር ይህን ያህል ነፃነት የተፈቀደው በዱላና በኳስ መካከል መሆኑ ለጨዋታው የተሰጠውን ቦታ ያሳያል።

አለጋጉን እንይ። ጥንጉ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ቃርሚያና ጓል የበዛበት ነው። ተጫዋቹ እየሮጠ መጥቶ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከጥንጉ ሳይነቅል ቆልማማውን ከኋላ ያመጣዋል። ዓይኑን ለማየት ወደፊት ያነሣ እንደሆነ ዱላው ጥንጉን ትቶ አፈር ይቆፍራል። ዳሌው ቀድሞ ካልዞረ ጥንጉ ጥቂት ተንከባሎ ይቆማል። ሲሳካ ግን የዱላውና የጥንጉ ድምፅ ይለያል፤ እጅ ላይም ምንም ንዝረት አይቀርም። ማንኛውም የቤዝቦል መቺ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ዱላ ሁሉ ኳስ ቢያርፍበት እጅን የማያነዝር አንድ ቦታ አለው፤ የፊዚክስ ሊቃውንት በስሌት የደረሱበትን ያን ቦታ የገና ተጫዋች በመዳፉ ያገኘዋል።

ታዳጊው ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ከመግባቱ በፊት ጥንጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ብቻውን ይለጋል፣ ሮጦ ይደርስበታል፣ ደግሞ ይለጋል። ይህ ቀላል ነገር በቤዝቦል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ግኝት ነበር። ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈርመው በአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ የዘር ግድግዳውን ያፈረሱት ብራንች ሪኪ እ.ኤ.አ. በ1948 በፍሎሪዳ ቬሮ ቢች በከፈቱት የብሩክሊን ዶጀርስ የሥልጠና ሰፈር፣ ኳሱን በጎማ ቧንቧ ላይ አስቀምጦ የሚያቆም ቋሚ እንዲሠራበት አደረጉ። ትልልቅ ተጫዋቾች በቆመ ኳስ መለማመድን መጀመሪያ ንቀውት ነበር። ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው፤ ኳሱ ሲቆም የወርዋሪው ተንኮል፣ ፍጥነትና ጥምዝ ሁሉ ይወገድና መቺው ከገዛ አካሉ ጋር ብቻውን ይቀራል። ቋሚው ከጉልበት እስከ ደረት ከፍና ዝቅ ስለሚል የእያንዳንዱ ከፍታ ምት ተለይቶ ይጠናል። ዛሬ ከአምስት ዓመት ሕፃን እስከ ሚሊዮን ዶላር ተከፋይ ድረስ ቀኑን በዚያ ቋሚ የሚጀምር ብዙ ነው። ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ የኔ ፍርድ ከሆነም ከሁሉ የላቀው እሱ ነው።

ከገና አሥራ ሁለት ቀን ያህል በኋላ ጥምቀት ነው፤ እዚህ ላይ ጎንደር ከተማ ትነሣለች። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን በጎንደር ካጸኑ ወዲህ ከተማዋ የፈረስ፣ የጋሻና የጦር ከተማ ሆና ኖረች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የመዘገበው የፋሲል ግቢና ታቦታቱ የሚያድሩበት መዋኛ ዛሬም የጥምቀት ማእከል ናቸው። በመዋኛው አጠገብ ያለውን ጉልላታማ ሕንፃ ሕዝቡ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው ይለዋል፤ ለፈረስ መታሰቢያ ያቆመ ከተማ ስለ ፈረሰኝነት ምን ያህል እንደተጨነቀ ከዚህ ይታወቃል። በፈረስ ጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው በቆዳ ጋሻው ይመክታል። ፈረሰኛው እግሩ መሬት ስለማይነካ ኃይሉን የሚያነሣው ከእርካቡ ነው፤ በጥንቱ አገራችን እርካብ ደግሞ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ነበር። በአንድ ጣት ተደግፎ፣ ወገብን አዙሮ፣ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆኖ የሚሸሽን ሰው መምታት ከዚህ በላይ ያስቀመጥናቸውን ትምህርቶች ሁሉ ይጠይቃል። ዘንጉ ራሱ የጦር መለማመጃ ነበር፤ ስለት የሌለው ጦር። በአማራ ክልል ይህን ባህል አደራጅቶ በመያዝ የአዊ ሕዝብ ይመሰገናል፤ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቹን ያወጣል።

ቤዝቦልስ ወደ እኛ ቀርቦ ያውቃል? በጎረቤትነት፣ አዎን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 በአሥመራ በያዙት፣ በኋላ በኮርያ ዘማቹ ሻለቃ ስም ቃኘው በተባለው የመገናኛ ጣቢያ ወታደሮቹ ቤዝቦልና ሶፍትቦል ይጫወቱ ነበር። በጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የአሜሪካ እርዳታ ነበረበት፤ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራንም በጎንደር አስተምረዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተሻግረው ቤዝቦል ብሔራዊ ጨዋታ በሆነበት አገር አደጉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጨዋታው በደጋው ሥር አልሰደደም። ሜዳውን እግር ኳስ ወረሰው፤ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ወደ ጎንደር ሲያመጣ ከተማዋ የተደሰተችው ደስታ ምስክር ነው። ሆኖም የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ይህን ጨዋታ አይችለውም ማለት አይደለም። ጎረቤታችን ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በሚካሄደው የታዳጊዎች የዓለም ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ቡድን ልካለች።

ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ፤ ሁሉም መሣሪያ አይጠቅምምና። የኒውዮርክ ያንኪሱ ኤልስተን ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው የክብደት ቀለበት ዱላ ላይ ይጠለቃል፤ መቺው ተራውን ሲጠብቅ ከባዱን ዱላ ያወዛውዛል፣ ቀለበቱን ሲያወጣው ዱላው የቀለለ ይመስለዋል። ይመስለዋል ነው ነገሩ። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኩፕ ዴሬንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ እጅግ በከበደ ዱላ ካሟሟቁ በኋላ የተጫዋቾቹ ምት ቀርፏል፤ እጅግ በቀለለውም እንዲሁ። ምታቸው የፈጠነው ከራሳቸው ዱላ ክብደት ብዙም ባልራቀ ዱላ ሲያሟሙቁ ነው። ሰውነት የተለማመደውን ይደግማል። ትልቅ ዱላ ለትንሽ ልጅ መስጠት ጉልበቱን ያሳድግለታል የሚል እምነት በእኛም ዘንድ አለ፤ ይህ ጥናት ለገና ተጫዋችም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። የልጁ ገና በልጁ ልክ ይሁን።

የመሬቱም ነገር አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፣ 1,600 ሜትር ላይ ብቻ፣ የተመታ ኳስ ከሌላው ቦታ ይልቅ በጣም ስለሚርቅ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በተጠበቀ ክፍል ማስቀመጥ ግድ ሆኗል። በሰሜን ተራሮች ጫፍ ከመሬት የተነሣ ጥንግ ምን ያህል እንደሚበር መለካት ለአንድ የፊዚክስ መምህርና ለተማሪዎቹ ደስ የሚል የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ዘመኑ ግን በደጋው ላይ እየተለወጠ ነው። በከተማ የቡሄን ጅራፍ ርችት ተክቶታል፤ ርችት ይጮሃል እንጂ አካልን አያስተምርም። የከተማው ክፍት ሜዳ ቤት ሆነ። ልጆች ትምህርት ቤት መዋላቸው መልካም ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱ ከእረኝነት የወጣውን እውቀት ተቀብሎ አላኖረውም። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን፣ ጉግስን፣ ትግልንና ገበጣን በደንብ አደራጅቶ ማወዳደሩ ትልቅ ውለታ ነው። ውድድር ግን የሚያሳየው የደረሰውን ተጫዋች ነው፤ ተጫዋቹ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳየው ልምምዱ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የገበጣን ዓይነቶች የመዘገቡትን ያህል፣ ጅራፍ አገማመድ፣ ወንጭፍ አለቃቀቅ፣ ጥንግ አለጋግ በየወረዳው ሊመዘገብ ይገባዋል። አዛውንቶቹ ሳሉ።

ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር ልበል። የገና ጨዋታ ጥርስ ያወልቃል፣ ቅልጥም ይሰብራል፤ ይህን ጀግንነት አድርጎ ማውራት ይብቃ። በቤዝቦል እ.ኤ.አ. በ1920 ሬይ ቻፕማን የተባለ ተጫዋች በተወረወረ ኳስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ፤ የራስ ቁር ግዴታ እስኪሆን ግን ገና አምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም። የቅልጥም መከላከያ ከአሮጌ ጎማና ከቆዳ ይሰፋል፤ ለልጆች የሚሆን ጥንግ ከጨርቅ ይጠቀለላል። ይህ ከተደረገ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውንም ለመላክ አይፈሩም። ማማ ላይ ወንጭፍ የምታስወነጭፍ ልጅ ጥንግ ለመለጋት የሚጎድላት ፈቃድ ብቻ ነው።

በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያላችሁ የስፖርት ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ለዱላ ምት የሚሸጠውን ውድ ሴንሰር አትጠብቁ። ዛሬ በብዙ ተማሪ ኪስ ያለው ስልክ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል፤ 0.15 ሰከንድ የሚፈጀውን ምት በ36 ምስል ከፋፍሎ ያሳያችኋል። በመጪው ነሐሴ ጅራፍ የሚያስጮኸውን እረኛ ቅረጹ፤ በታኅሣሥ ያንኑ ልጅ ጥንግ ሲለጋ ቅረጹት። ዳሌው መቼ እንደዞረ፣ እጁ መቼ እንደተከተለ ቁጠሩ። ጅራፍ የሚያውቀው ልጅ ከማያውቀው የተሻለ ይለጋ እንደሆነ አወዳድሩ። ውጤቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ለየትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህራን ላኩላቸው።